የባሕር ጥልቀት አለካክ ታሪክና የጅቡቲ ወደብ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር ጥቂት ባልደረቦች ጅቡቲ ከተማን ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ወቅቱ ካምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ስለ ነበረ፥ ከረፋዱ በኋላ ደጅ መቆም የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ማልደን ወደ ዓሣ አስጋሪዎች ሰፈር ወረድን። በዚያም አንድ በዕድሜ የገፉ ባሕረኛ ትንሽ የፋይበርግላስ ጀልባቸውን ወደ አሸዋው አውጥተው፥ ከጀልባይቱ የኋላ ፊት ላይ ከሳሙና የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ በብሎን ሲያስሩ አገኘናቸው። ዕቃው የጥልቀት መለኪያ መሣሪያ አካል ነው። ከአጠገባቸው አንዱ ክንፉ የተሰበረ የሞተር ፕሮፔለር ወድቋል።

ባሕረኛው ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ኖረው ስለ ነበር ነገሩን በአማርኛ አጫወቱን። ከሁለት ቀን በፊት ወደ ዳር ሲመለሱ መሣሪያው ገና 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ አለ እያለ፥ ፕሮፔለሩ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተጋጨ። መሣሪያው ዋሸ ወይስ ባለቤቱ ተሳሳቱ? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የጅቡቲ ከተማ ራስዋ የተቆረቆረችው፥ የአገራችንም የንግድ በር በዚያ በኩል የሆነው፥ ሰዎች የባሕሩን ጥልቀት ለክተው ባገኙት መልስ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ ለባሕረኛው ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ጥልቀትና የወደብ ምርጫ

ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የአረብና የአፋር ሳምቡኮች ከጥንት ጀምሮ ይመላለሱ ነበር። ከሸዋና ከሐረር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያስረክበው በታጁራና በዘይላ ነበር። የሳምቡክ ባሕረኛ ባሕሩን የሚያውቀው በካርታ አልነበረም። የውሃውን ቀለም ያያል፤ ጥልቁ ጥቁር ሰማያዊ፥ ኮራል ያለበት ደግሞ ቡናማና አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል። ጀልባውም ጥልቅ ውሃ አይፈልግም።

ኤውሮፓውያን በትላልቅ መርከቦች መምጣት ሲጀምሩ ግን ይህ ዕውቀት ብቻውን አልበቃም። ከ1829 እስከ 1834 ድረስ የሕንድ የእንግሊዝ አስተዳደር መርከቦች የሆኑት ፓሊኑረስና ቤናሬስ፥ በካፒቴን ሞርስቢና በካፒቴን ኤልወን መሪነት፥ ቀይ ባሕርን እየለኩ ካርታ አነሡ። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከቦምቤይ ወደ ስዌዝ የሚያልፉበት መንገድ ይፈለግ ስለ ነበር ነው። ይኸው ሞርስቢ በ1840 ከታጁራው ሱልጣን ጋር ተዋውሎ፥ ዛሬ በጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት የምትታየውን የሙሻን ደሴት ለእንግሊዝ ተቀበለ። ለደሴቲቱ የተሰጠው ዋጋ አሥር ከረጢት ሩዝ እንደ ነበር ተመዝግቧል። ልኬትና ቅኝ ግዛት ተከታትለው እንደሚመጡ ከዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ቀድሞ ጥልቀቱን የለካ ቀድሞ ውል ይጽፋል።

ፈረንሳይ በበኩልዋ በ1862 ኦቦክን በ10,000 ታለር ገዛች። ሆኖም ሃያ ዓመት ያህል ምንም ሳትሠራበት ቆየች። በ1869 የስዌዝ ቦይ ተከፈተ። በ1880ዎቹ ፈረንሳይ በሩቅ ምሥራቅ ጦርነት ስትገባ ለመርከቦችዋ የድንጋይ ከሰል በኤደን ተከለከለ። ያን ጊዜ ኦቦክ ታሰበች፤ በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ እንዲያስተዳድር ተላከ።

ብዙም ሳይቆይ የኦቦክ ጉድለት ታየ። መርከብ የሚያርፍበት ስፍራ ጠባብና ለነፋስ የተጋለጠ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በስተደቡብ ያለው ዳርቻ ግን የተሻለ መጠለያ ነበረው። በዚያም የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ የወጣባቸው የኮራል አምባዎች ይገኛሉ። በመካከላቸውና በአጠገባቸው ደግሞ መርከብ መልሕቅ የሚጥልበት በቂ ጥልቀት አለ። የአምቡሊ ወንዝ ጉድጓዶች የሚጠጣ ውሃ ይሰጣሉ፤ ወደ ሐረር የሚወስደውም መንገድ ይቀናል። ስለዚህ ጅቡቲ በ1888 ተቆረቆረች፤ በ1892 አስተዳደሩ ከኦቦክ ወደዚያ ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለኢንጂኒየር አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አንደኛው ጫፍ የተተከለው መርከብ ሳይነካ የሚቆምበት ውሃ ካለበት ቦታ ላይ ነበር። ኦቦክ የውሃዋ ጠባይ እንደ ጅቡቲ ቢሆን ኖሮ ድሬዳዋ ዛሬ ባለችበት ቦታ ላትኖር ትችል ነበር።

የእርሳሱ ገመድ

ታዲያ ጥልቀቱ በምን ይለካ ነበር? መሣሪያው ገመድና እርሳስ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ኪሎ ግራም የሚመዝን የእርሳስ ብረት ከገመድ ጫፍ ይታሰራል። ባሕረኛው ከመርከቡ ጎን ቆሞ ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ መርከቡ ሲደርስበት ገመዱ ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ጥልቀቱን ያነባል። መለኪያው የሁለት እጅ ዝርግ ነው፤ ይኸውም ስድስት የእንግሊዝ ጫማ ወይም 1 ሜትር ከ83 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጨለማ በእጅ ዳሰሳ እንዲታወቅ በገመዱ ላይ በየርቀቱ ቆዳ፥ ነጭ ጨርቅ፥ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ጨርቁ በዓይነቱ ስለሚለያይ፥ ቀለሙ ባይታይ እንኳ ጣት ወይም ከንፈር ይለየዋል።

ከእርሳሱ ታች ትንሽ ጉድጓድ አለች። በእርስዋ ውስጥ ሞራ ይሞላል። ሞራው ከባሕሩ ወለል አሸዋ፥ ጭቃ ወይም የዛጎል ስብርባሪ ይዞ ይወጣል። ምንም ሳይይዝ ተላልጦ ከወጣ ወለሉ ድንጋይ ነው፤ መልሕቅ አይይዝም ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ቀላል መሣሪያ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፤ ምን ያህል ጥልቅ ነው? ከታችስ ምን አለ?

የገመዱ ጥንታዊነት በመጻሕፍትም ይታወቃል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የጳውሎስ መርከብ በሌሊት ወደማይታወቅ የብስ ሲቀርብ፥ ባሕረኞቹ በመጀመሪያ ሃያ፥ ጥቂት ሄደው ደግሞ አሥራ አምስት እንዳገኙ፥ ፈርተውም መልሕቅ እንደ ጣሉ ተጽፏል። አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ግን ወለሉ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ይነግራሉ።

ይሁን እንጂ ገመዱ ለጥልቅ ባሕር አይመችም። በአራት ሺህ ሜትር ላይ አንድ ልኬት ብቻ ሰዓታት ይወስዳል። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ ቻሌንጀር በጥልቅ ባሕር ያደረገችው ልኬት ከ500 አይበልጥም። ውቅያኖስን በሚያህል ስፋት ላይ 500 ነጥብ ማለት፥ ኢትዮጵያን በጥቂት ቦታ ብቻ በእንጨት ወግቶ ተራራዋን ለመሳል እንደ መሞከር ነው።

የገደል ማሚቶ ወደ ባሕር ወረደ

በገደል አፋፍ ቆሞ የጮኸ እረኛ ድምፁ ተመልሶ ሲሰማው ገደሉ ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑን ይገምታል። ይኸው ሐሳብ ወደ ባሕር እስኪወርድ ድረስ ብዙ ሰው ደክሞበታል። በ1826 ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሰዎች በጄኔቭ ሐይቅ ላይ ሙከራ አደረጉ። በአንድ ጀልባ ላይ ደወል በውሃ ውስጥ ሲመታ ባሩድ አብሮ እንዲበራ አደረጉ። ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የነበረው ሌላው ብርሃኑን አይቶ ድምፁን እስኪሰማ ድረስ ያለውን ጊዜ ቆጠረ። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,435 ሜትር እንደሚሄድ አገኙ። ይህ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ ይበልጣል።

በ1880 ፒዬርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች እንደ ኳርትዝ ያለ ድንጋይ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳዩ። በኋላም ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ድንጋዩ ራሱ እንደሚንቀጠቀጥ ታወቀ። በ1912 ታይታኒክ በበረዶ ተራራ ተመትታ ስትሰጥም ነገሩ አስቸኳይ ሆነ። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቤም በ1913 የድምፅ ጥልቀት መለኪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ፌሰንደን በ1914 በሰሜን አትላንቲክ ከበረዶ ተራራ የተመለሰ ድምፅ አደመጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን የኳርትዝ ድንጋይ በብረት መካከል አጣብቆ፥ ድምፅ የሚልክና የሚቀበል ዕቃ ሠራ። በጅቡቲ ዳር ባሕረኛው በብሎን ሲያስሩት ያየነው ትራንስዱሰር የላንዥቨን ዕቃ የልጅ ልጅ ነው። ዛሬ በኳርትዙ ምትክ ሴራሚክ ገብቷል።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። ሜቴዎር የተባለች የጀርመን መርከብ ከ1925 እስከ 1927 በደቡብ አትላንቲክ ስትዞር ከ67,000 በላይ ልኬት አደረገች። ከቻሌንጀር ጋር ማነጻጸር በቂ ነው። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ መሣሪያው እያነሰና እየረከሰ ሄደ። በ1948 ፉሩኖ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለዓሣ አስጋሪዎች የሚሸጥ ዓሣ ጠቋሚ አወጣ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም በአሜሪካ ለትንሽ ጀልባ የሚሆን በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ተሠራ። በዚህ ዓይነት የጦር መርከብ ዕቃ የነበረው መሣሪያ የአንድ ዓሣ አስጋሪ ንብረት ለመሆን በቃ።

በትንሽ ጀልባ ላይ አተካከሉ

የሥራው ስሌት ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግልጽ ነው። ትራንስዱሰሩ አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል፤ ፍጥነቱ በጊዜው ተባዝቶ ለሁለት ይከፈላል። ድምፁ ደርሶ ለመመለስ 0.02 ሴኮንድ ቢፈጅና ፍጥነቱ 1,500 ሜትር በሴኮንድ ቢሆን፥ ጥልቀቱ 15 ሜትር ነው። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም አተካከሉ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባሕረኛው እየሠሩ ያስረዱንን በቅደም ተከተል እናቀርበዋለን።

አንደኛ፥ የትራንስዱሰር ትልቁ ጠላት አየር ነው። ድምፅ ከውሃ ወደ አየር ሲደርስ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይመለሳል። ስለዚህ አረፋ በበዛበት ቦታ የተተከለ መሣሪያ ዕውር ነው። ከፕሮፔለሩ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር ክንፎቹ ወደ ታች የሚወርዱት በቀኝ በኩል ስለሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ቀኙ ጎን ይመረጣል። ከጀልባው ሆድ ወጣ ካለ ጠርዝ ወይም ውሃ ከሚፈስበት ቀዳዳ በስተኋላም አይተከልም።

ሁለተኛ፥ ከፍታው ነው። የትራንስዱሰሩ ፊት ከጀልባው ሆድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ከፍ ካለ አረፋ ይሸፍነዋል፤ በጣም ከወረደ ውሃ ይረጫል፥ በዳር ድንጋይም ይመታል። ፊቱ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ይሁን። ጀልባይቱ ስትፈጥን ቁጥሩ ከጠፋ፥ ብሎኑን አላልቶ የኋላ ጫፉን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግና እንደገና መሞከር ነው። ባሕረኛው አራት ጊዜ ወጥተው አራት ጊዜ ተመለሱ።

ሦስተኛ፥ ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ለባሕር በሚሆን ማሸጊያ ይዘጋል፤ አለዚያ ውሃ እየሰረገ ጀልባውን ያበሰብሳል። ሽቦው ከሞተሩ ሽቦ ጋር አብሮ አይታሰር፤ የሞተሩ ኤሌክትሪክ በመሣሪያው ላይ የሐሰት ምልክት ያመጣል። ሽቦው ረዘመ ተብሎም አይቆረጥም።

አራተኛ፥ መብሳት የማይፈልግ ሰው ትራንስዱሰሩን ከጀልባው ሆድ በውስጥ በኩል በኢፖክሲ ሙጫ ማጣበቅ ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ወለሉ ወጥ ፋይበርግላስ ሲሆን ብቻ ነው። እንጨት ወይም ስፖንጅ መሰል ነገር በመካከሉ ካለ ድምፁን ይውጠዋል። በሙጫው ውስጥም አንዲት የአየር ጠብታ መቅረት የለባትም።

አምስተኛ፥ በሞቃት ባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረትና አረንጓዴ ዝቃጭ ቶሎ ይለጠፍበታል። ፊቱ በየጊዜው በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ይጠረግ።

ዜሮው ከየት ይጀምራል?

አሁን ወደ ተሰበረው ፕሮፔለር እንመለስ። መሣሪያው የሚቆጥረው ከራሱ ፊት ጀምሮ ነው። በዚያች ጀልባ ትራንስዱሰሩ ከውሃው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር፥ የሞተሩ እግር ግን 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይገባል። ስለዚህ መሣሪያው 1 ሜትር ከ50 ሲያሳይ የውሃው ጠቅላላ ጥልቀት 1 ሜትር ከ80 ነው፤ ከሞተሩ እግር በታች ያለው ግን 1 ሜትር ከ10 ብቻ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ሲያሳይ ደግሞ ከእግሩ በታች የቀረ ነገር የለም። መሣሪያው አልዋሸም። ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ከውሃ ገጽ ለማንበብ 30 ሴንቲ ሜትር መደመር፥ ከሞተሩ እግር በታች ያለውን ለማንበብ 40 መቀነስ፤ ይህንንም በመሣሪያው ላይ አንድ ጊዜ መሙላት ነው።

ሌላም ዜሮ አለ። በባሕር ካርታ ላይ የተጻፈው ጥልቀት የሚቆጠረው ባሕሩ እጅግ ከጎደለበት ደረጃ ጀምሮ ነው። በጅቡቲ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት በአንዳንድ ቀን ከሁለት ሜትር ያልፋል። በካርታው ሁለት ሜትር የተባለ ቦታ ጧት ሦስት ሜትር ተኩል ሆኖ ቢገኝ ስሕተት የለም። በጧቱ ቁጥር ተማምኖ ማታ የሚመለስ ግን ይሳሳታል።

ፍጥነቱም እንዲሁ። ብዙ መሣሪያዎች 1,500 ሜትር በሴኮንድ ብለው ያሰላሉ። ድምፅ ግን በሞቀና ጨው በበዛበት ውሃ ይበልጥ ይፈጥናል። 30 ዲግሪ በደረሰው የጅቡቲ የበጋ ባሕር ወደ 1,545 ይጠጋል። ስለዚህ 100 ሜትር የሚል መሣሪያ በእውነቱ 103 ሜትር ላይ ነው። ለዓሣ አስጋሪ ይህ አያስጨንቅም፤ ወደብ ለሚቆፍር ኢንጂኒየር ግን ያስጨንቃል። በ2009 የተከፈተው የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ 18 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ተደርጎ ነው የተሠራው። በእንዲህ ያለ ሥራ የሦስት በመቶ ስሕተት ግማሽ ሜትር ይሆናል።

ባሕረኛው መሣሪያቸውን በምን እንዳረጋገጡ ስናይ ተገረምን። ከመቀመጫቸው ሥር ቋጠሮ ያለው አሮጌ ገመድና የእርሳስ ድብልብል አወጡ። ጀልባይቱን ጸጥ ባለ ውሃ አቁመው እርሳሱን ጣሉ፤ ገመዱን አነበቡ፤ መሣሪያውንም ከእርሱ ጋር አስማሙ። የዘመኑን ዕቃ ትክክለኛ መሆኑን የመሰከረለት የጳውሎስ ዘመን ገመድ ነበር።

ድምፁ ያሳየንና ያላሳየን

የድምፅ ልኬት ሲበዛ የምድርን ታሪክም ገለጠ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊቱ ማሪ ታርፕ ከመርከቦች የመጡትን የጥልቀት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ስታሰፍር፥ በአትላንቲክ ወለል መካከል ረጅም ስንጥቅ ሸለቆ አየች። የሥራ ባልደረባዋ በመጀመሪያ አላመናትም። በኋላ ግን ስንጥቁ በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር እንደሚገናኝ ታወቀ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከ800 ሜትር በላይ የሚጠልቀው የዚሁ ስንጥቅ ክፍል ስለሆነ ነው። ስንጥቁ በጉቤትና ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ በኩል ወደ አፋር ምድራችን ይገባል። በኅዳር 1978 በዚያ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ መሬቱ ወደ ሁለት ሜትር ያህል ተከፈተ። ከዝዋይ እስከ ጅቡቲ ያለው ሸለቆ አንድ መሆኑን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ያለው ሰውና ቁጥሩ የሌለው ሰው በአንድ ጀልባ እንደሚሳፈሩ መዘንጋት አይገባንም። በኦቦክ ጠረፍ በኩል ብዙ ወጣቶቻችን ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ብዙዎችም ተንገላተው ይመለሳሉ። በጥቅምት 2024 መግቢያ ላይ ከየመን የመጡ ሁለት ጀልባዎች አሻጋሪዎች፥ ተሳፋሪዎቹን ዳር ሳይደርሱ ወደ ባሕር እንዲወርዱ አስገደዱ፤ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ዳሩ በዓይን የሚታይ መሆኑ ውሃው እንደሚያስቆም አያረጋግጥም። የኮራል ዳርቻ በአንድ እርምጃ ከጉልበት ወደ ገደል ይወርዳል። የደጋ ልጅ ይህን ከማን ይማራል? ከእኛ ካልተማረ ከአሻጋሪው አይማርም።

ለክፍል የሚሆን ልምምድ

ይህን ትምህርት ለመስጠት ባሕር አያስፈልግም። አንድ በርሜል ውሃ፥ ድንጋይና ገመድ ይበቃል። በርሜሉ ውስጥ የተለያየ ከፍታ ያላቸው ድንጋዮች ተደርድረው ውሃው በአፈር ይደፍርስ። ተማሪዎች ወለሉን ሳያዩ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ገመድ እየጣሉ ይለኩ፤ ቁጥሩን በወረቀት አስፍረው የወለሉን ቅርጽ ይሳሉ። ከዚያ ውሃው ፈስሶ ሥዕሉ ከእውነቱ ጋር ይነጻጸር። አንዱ ቡድን ከበርሜሉ አፍ፥ ሌላው ከውሃው ገጽ ጀምሮ እንዲቆጥር ቢደረግ፥ ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ቁጥር ይዘው ይከራከራሉ። ክርክሩን አስተማሪው ቶሎ አያብርደው።

የታሪክ አስተማሪ ኦቦክና ጅቡቲን፥ የፊዚክስ አስተማሪ የድምፅን ፍጥነት፥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስምጥ ሸለቆን በዚሁ በርሜል ዙሪያ ማስተማር ይችላሉ። ሦስቱም ግን ለተማሪው አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁት፤ ይህ ቁጥር የተቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው? ባሕረኛው ይህን ለማወቅ አንድ ፕሮፔለር ከፍለዋል። ተማሪዎቻችን ያለ ዋጋ ቢያውቁት የእኛ ድካም ነው።